ሆርሞን የአይጥን ትውስታ ሲያጸናና ሲያደናቅፍ፦ ለጎጃም የቤተ ሙከራ ተማሪዎች ዝርዝር መመሪያ

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ሆናችሁ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ «ሆርሞንና ትውስታ» የሚል ርዕስ ከያዛችሁ ይህ መመሪያ ለእናንተ የተጻፈ ነው። ርዕሱ ሲሰሙት ሰፊ ነው። ቤተ ሙከራ ሲገባ ግን አንድ ጥያቄ ላይ ያርፋል፦ ሆርሞኑ በእንስሳው ደም ውስጥ ከፍ ያለው መቼ ነው? ሲማር ነው? ከተማረ በኋላ ትውስታው በሚጸናበት ሰዓት ነው? ወይስ የተማረውን እንዲያስታውስ በተፈተነበት ጊዜ? ያው አንድ ሆርሞን በአንደኛው ሰዓት ትውስታን ያጠነክራል፣ በሌላው ሰዓት ያደናቅፋል። ብዙ የጥናት ዕቅዶች ግን መጠኑን በሚሊግራም ይጽፉና ሰዓቱን ይዘሉታል። ሁለተኛው የሚዘለል ነገር የእናንተው እጅ ነው። አይጡን በጅራቱ አንጠልጥላችሁ ስታወጡት በመርፌ ልትሰጡት ያሰባችሁትን ሆርሞን ራሱ እያመነጨ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ላይ ያተኩራል።

ለጀማሪ የምመክረው ሆርሞን ኮርቲኮስቴሮን ነው። በሰው ኮርቲሶል የሚሠራውን ሥራ በአይጥና በአይጠ መጎጥ የሚሠራው እሱ ነው፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት ስለተጠናም ውጤታችሁን ከምን ጋር እንደምታነጻጽሩ ታውቃላችሁ። የትውስታው መፈተኛ ደግሞ አናጺ የሚሠራው ሳጥንና የስልክ ካሜራ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ከመጀመራችሁ በፊት ስለ ሆርሞኑ

አይጥ ሲደነግጥ ከአንጎል ሥር ያለው ሃይፖታላመስ ለፒቱታሪ ዕጢ መልእክት ይልካል፤ ፒቱታሪ ኤሲቲኤች የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል፤ እሱ ደግሞ ከኩላሊት በላይ የተቀመጡትን የአድሬናል ዕጢዎች ኮርቲኮስቴሮን እንዲያመነጩ ያዛል። ድንጋጤው ከጀመረ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ የደሙ መጠን ጣሪያው ላይ ይደርሳል። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ደጋግመን እንመለስበታለን።

ሆርሞኑ አንጎል ውስጥ የት እንደሚያርፍ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ብሩስ ማክዩንና ባልደረቦቹ አድሬናላቸው ለወጣ አይጠ መጎጦች የጨረር ምልክት የተደረገበት ኮርቲኮስቴሮን ሰጥተው ሲመለከቱ ሆርሞኑ ከሁሉ በላይ የተከማቸው ሂፖካምፐስ ውስጥ፣ ማለትም ለትውስታ ዋና በሆነው የአንጎል ክፍል ሆኖ ተገኘ። በዚያ ክፍል ሁለት ዓይነት ተቀባዮች አሉ። ሚኔራሎኮርቲኮይድ የሚባለው ሆርሞኑን በአሥር እጥፍ ገደማ አጥብቆ ስለሚይዝ እንስሳው በተረጋጋበት ሰዓት እንኳ አብዛኛው ተይዟል። ግሉኮኮርቲኮይድ የሚባለው ግን የሚሞላው ሆርሞኑ ሲያሻቅብ ነው። ስለዚህ መጠንና ውጤት ቀጥ ባለ መስመር አይሄዱም። ነገሩ እንደ ጨው በወጥ ነው፦ ሲያንስ አልጫ፣ ሲበዛ አይበላም፣ ጥሩው መሐል ላይ ነው። አንድ መጠን ብቻ ሞክራችሁ «ሆርሞኑ አይሠራም» ብላችሁ መደምደም የማትችሉት ለዚህ ነው።

ሁለት ሥራዎችን በደንብ አንብቡ። የመጀመሪያው የትውስታ ተመራማሪው ጄምስ ማክጎው ለዓመታት ያጸናው ስልት ነው፦ ሆርሞኑን ወይም መድኃኒቱን ከትምህርቱ በፊት ሳይሆን ትምህርቱ እንዳለቀ መስጠት። እንስሳው ሲማር ነጻ ነበር፤ በማግሥቱ ሲፈተንም ሆርሞኑ ከደሙ ጠፍቷል። ስለዚህ ልዩነት ከታየ ዓይኑ፣ እግሩ ወይም ፍርሃቱ ተለውጦ ነው ለማለት ይከብዳል፤ የተለወጠው የትውስታው መጽናት ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1998 ደ ኬርቫን፣ ሮዘንዳልና ማክጎው ያወጡት ነው። አይጠ መጎጦች ውኃ ውስጥ የተደበቀውን መቆሚያ የት እንዳለ ተምረው በማግሥቱ ከመፈተናቸው 30 ደቂቃ በፊት እግራቸው ላይ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሲደርስባቸው ቦታውን ማስታወስ ተሳናቸው። ንዝረቱ ከፈተናው 2 ደቂቃ ወይም 4 ሰዓት ቀደም ብሎ ሲሆን ግን አስታወሱ። ኮርቲኮስቴሮን እንዳይመረት የሚያግደውን ሜቲራፖን ቀድመው የወሰዱትም አልተሳናቸውም። 2 ደቂቃው ላይ ሆርሞኑ ገና አልወጣም፣ 4 ሰዓት ላይ ወርዷል፣ 30 ደቂቃው ላይ ግን ጣሪያው ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ፈቃድና ቁጥር

የተቋማችሁ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳይፈቅድ አንድም አይጥ አትግዙ። ማመልከቻው ላይ ራስልና በርች እ.ኤ.አ. በ1959 ያስቀመጧቸውን ሦስት መርሆዎች በተግባር አሳዩ፦ እንስሳ ሳይነካ ሊሠራ የሚችል ነገር እንደሌለ፣ ቁጥሩ ከሚያስፈልገው እንደማይበልጥ፣ ሥቃዩም እንደተቀነሰ። የባሕርይ ሙከራ ከአንዱ አይጥ ወደ ሌላው በጣም ስለሚለያይ በአንድ ቡድን ከ10 እስከ 12 ያዙ። ስድስት ስድስት አድርጎ ምንም ሳያሳይ የቀረ ሙከራ እንስሳቱን በከንቱ ማባከን ነው፤ ለኔ ከመብዛቱ የባሰ ጥፋት ይኼ ነው።

ደረጃ 2፦ አይጦቹን ማምጣት

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በብዛት የምንሠራበት ስዊስ አልቢኖ የሚባለው ነጭ አይጥ ነው። ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 10 ሳምንት የሆነ፣ ለመጀመሪያ ሙከራ ወንዶች ይሁኑ (ስለ ሴቶቹ ወደ መጨረሻ እመለሳለሁ)። ከአዲስ አበባ የምታመጧቸው ከሆነ መንገዱ ራሱ ከባድ ጭንቀት መሆኑን አስቡ። መኪናው ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ሲወርድ ሙቀቱ በአንድ ጊዜ ይጨምራል፤ ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣ ደግሞ ብርዱ ይመለሳል። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነሱና በረሃውን ፀሐይ ሳይበረታ እለፉ። ቀፎው ነፋስ የሚያስገባ ይሁን፤ ከጭነት ሥር ወይም ፀሐይ በሚመታው መስኮት አጠገብ አታስቀምጡት። በውኃ ጡጦ ፈንታ የድንች ቁራጭ አስገቡ፤ ጡጦው በመኪና ንቅናቄ ይፈስና ጉዝጓዙን ያረጥበዋል፣ እርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ደግሞ ደጀን ሲደርሱ ይበርዳቸዋል።

ከደረሱ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይረፉ፤ እኔ ሁለት ሳምንት እመርጣለሁ። አብረው ያደጉትን አብራችሁ አኑሩ። የማይተዋወቁ አዋቂ ወንዶችን አንድ ቀፎ ውስጥ ብትቀላቅሉ ይነካከሳሉ፤ የተሸናፊው ኮርቲኮስቴሮን ደግሞ ምንም መርፌ ሳይወጋ ከፍ ይላል።

ደረጃ 3፦ ክፍሉ

አይጥ የሌሊት እንስሳ ስለሆነ ኮርቲኮስቴሮኑ የሚያሻቅበው ሊመሽ ሲል፣ ማለትም ለመንቀሳቀስ ሲዘጋጅ ነው። ዝቅ የሚለው ሲነጋ ነው። እኛ ጎጃም ላይ ለዚህ የታደልን ነን፦ ክረምት ከበጋ የቀኑ ርዝመት ልዩነት ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም፤ ጠዋት 12 ሰዓት ገደማ ይነጋል፣ ማታ 12 ሰዓት ገደማ ይመሻል። ሰው ሠራሽ መብራት ባይኖር እንኳ መስኮት ያለው ክፍል የ12 በ12 ዑደቱን ይጠብቃል። የምትጠነቀቁት ሌላ ነገር ነው፦ ዘበኛው ማታ ገብቶ መብራት እንዳያበራ፣ ጠፍቶ የቆየ መብራትም እኩለ ሌሊት ላይ ሲመጣ ክፍሉ በድንገት ቦግ እንዳይል። ማብሪያ ማጥፊያውን ማታ ማታ አጥፍቶ የመሄድ ልማድ ይኑራችሁ። ሰዓቱን በመዝገባችሁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፉ፤ ለውጭ መጽሔት ስትጽፉ ግን «መብራት ከበራ ከሦስት ሰዓት በኋላ» በሚል መንገድ ግለጹት፣ ያኔ ማንም አይሳሳትም።

ሥራችሁን ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ጨርሱ። ያኔ የሆርሞኑ መነሻ ዝቅተኛ ስለሆነ የሰጣችሁት መጠን በግልጽ ይታያል። ማታ 11 ሰዓት ላይ ብትሠሩ ግን በተፈጥሮ ከፍ ባለው ላይ ነው የምትጨምሩት።

ጉዝጓዙ ላይ ብዙዎች የማያስቡት ነገር አለ። ሰጋቱራ ከአናጺ ቤት በነጻ ይገኛል፤ ነገር ግን ጠረን ያለው እንጨት፣ እንደ ጥድና ባሕር ዛፍ ያለው፣ በጠረኑ ውስጥ ያሉት ዘይቶች የጉበት ኤንዛይሞችን ያነቃሉ። ጉበት ደግሞ ሆርሞንን ሰባብሮ የሚያስወግደው አካል ነው። የሰጣችሁት ኮርቲኮስቴሮን ካሰባችሁት ቀድሞ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ አቧራው በደንብ የተነፋና የደረቀ የጤፍ ጭድ ከሰጋቱራ ይሻላል። ለጎጆ መሥሪያ ትንሽ ጥጥ ጨምሩበት፣ በተለይ ደብረ ማርቆስ ላላችሁ፤ የሌሊቱ ብርድ ራሱ ጭንቀት ነው። የክፍሉ ሙቀት ከ20 እስከ 26 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው።

ድመት ደግሞ ወደ ሕንጻው ድርሽ እንዳትል። በየግቢው አይጥ ትያዝልን ተብላ የምትለመድ ድመት አለች፤ የእሷ ጠረን በበር ሥር ከገባ ቀፎ ውስጥ ያለው አይጥ በሙሉ በፍርሃት ደርቆ ይቀራል። በዚያ ሳምንት የሰበሰባችሁት ዳታ ስለ ድመት እንጂ ስለ መርፌያችሁ አይናገርም።

ደረጃ 4፦ እጃችሁን ማለማመድ

ይህን ደረጃ አታሳጥሩ። ጄን ኸርስትና ሬቤካ ዌስት እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳሳዩት በጅራታቸው የሚያዙ አይጦች ከእጅ ይሸሻሉ፣ ፍርሃታቸውም ይጨምራል፤ በመዳፍ ታፍሰው ወይም በቱቦ ውስጥ ገብተው የሚነሡት ግን ይረጋጋሉ። ቱቦ ለመግዛት አትቸገሩ፤ ከሕንጻ ዕቃ መሸጫ የተረፈ የፕላስቲክ ውኃ መስመር ቁራጭ፣ ስፋቱ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ጠርዙ በሸካራ ወረቀት ከለሰለሰ ይበቃል። ቱቦውን በየቀፎው ውስጥ ተዉት። ስትፈልጉት አይጡ ራሱ ይገባበታል፤ ሁለቱን ጫፍ በእጃችሁ ከልላችሁ አንሱት።

ለሰባት ቀን፣ በየቀኑ በዚያው ሰዓት፣ እያንዳንዱን አይጥ ለሁለት ደቂቃ ያህል መዳፋችሁ ላይ አቆዩ። ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ መርፌ ሳትወጉ አንገቱ ላይ ያለውን ቆዳ ቀስ ብላችሁ ቆንጠጥ አድርጉ። መላመዱን የምታውቁት በሁለት ነገር ነው፦ መዳፋችሁ ላይ ሽንቱንና ፋንድያውን መጣል ያቆማል፤ ቀጥሎ ተቀምጦ ፊቱን መጠራረግ ይጀምራል። ይህን ያላየሁበትን አይጥ ወደ ሙከራ ባላስገባ እመርጣለሁ።

የሚይዛቸው ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የሞንትሪያል ጥናት የወንድ ተመራማሪ ጠረን ብቻውን፣ የለበሰው ቲሸርት እንኳ፣ የአይጦችን የጭንቀት ሆርሞን ከፍ እንደሚያደርግ አሳይቷል። መሐል ላይ ሰው መቀየር ማለት ጠረን መቀየር ነው። ሽቶ አትቀቡ። ጠዋት ቡና ተፈልቶ ዕጣን ከተጨሰበት ቤት ቀጥታ አትምጡ፤ ጢሱ ልብስ ላይ ይቀራል። ጋዋኑ ለአይጥ ቤቱ ብቻ የተለየ ይሁን።

ደረጃ 5፦ ሳጥኑና ዕቃዎቹ

ፈተናው አዲስ ዕቃ የመለየት ፈተና ይባላል፤ ኤናሱርና ደላኩር እ.ኤ.አ. በ1988 ያቀረቡት ነው። አይጥ በተፈጥሮው ያላየውን ነገር ማሽተት ይወዳል። ዛሬ ሁለት አንድ ዓይነት ዕቃ አሳይታችሁ (ይህ ማስተዋወቂያ ይባላል) ነገ አንዱን በአዲስ ብትተኩት፣ የትናንቱን ካስታወሰ አዲሱ ላይ ይቆያል፤ ካላስታወሰ ሁለቱንም እኩል ያሸታል። ረሃብ የለም፣ ውኃ ውስጥ መዋኘት የለም፣ ንዝረት የለም። የጭንቀት ሆርሞን ለሚያጠና ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ፈተናው ራሱ በጣም የሚያስጨንቅ ከሆነ የሆርሞኑን ሥራ መለየት ያስቸግራል።

አናጺው 40 በ40 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክዳን የሌለው ሳጥን ይሥራላችሁ። ውስጡ ሽንት የማይመጥ፣ በፎርማይካ የተለበጠ ወይም ግራጫ የዘይት ቀለም የተቀባ ይሁን፤ ቀለሙ ደርቆ ሽታው እስኪለቅ በቂ ጊዜ ስጡት። ነጭ አትቀቡት፣ ነጩ አይጥ በቪዲዮ አይታይም።

ዕቃዎቹን ከቤት ማግኘት ይቻላል፣ ግን ምርጫው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ላዩ ያልተለበጠ ተራ ሸክላ ሽታ ስለሚመጥ አይሆንም። ፕላስቲክ ይታኘካል። የሚሻለው ብርጭቆና የሚያብረቀርቅ ሸክላ ነው፦ በአሸዋ የተሞላ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የተደፋ የቡና ሲኒ። ሲኒው ላይ አንድ ችግር አለ፦ ተደፍቶ ሲቀመጥ ታቹ ጠፍጣፋ ስለሆነ አይጡ ወጥቶ ይቀመጥበታል፤ መቀመጥ ደግሞ ማሽተት አይደለም። ሁለት ሲኒ አፍ ለአፍ አጣብቃችሁ ብታቆሙ ይረዝምና አይወጣበትም። ሁሉንም ከሳጥኑ ወለል ጋር በማጣበቂያ ያዙ። በእያንዳንዱ አይጥ መሐል ሳጥኑንም ዕቃውንም በ70 በመቶ አልኮል ጥረጉና ሽታው እስኪጠፋ ጠብቁ። ከሙከራው ውጭ በሆኑ ጥቂት አይጦች ዕቃዎቹን አወዳድሩ፤ አንዱ በተፈጥሮው ከሌላው የሚበልጥ ትኩረት ከሳበ ይውጣ።

ደረጃ 6፦ የማስተዋወቂያውን ደቂቃ መምረጥ

አብዛኛው ዕቅድ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። «ሆርሞን ትውስታን ያጸናል» የሚለውን ለማየት ሆርሞን ያልተሰጣቸው አይጦች በማግሥቱ በደንብ ማስታወስ የለባቸውም፤ ካስታወሱ ከዚያ በላይ የሚሻሻል ነገር አይኖርም። «ሆርሞን ማስታወስን ያደናቅፋል» የሚለውን ለማየት ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ ሆርሞን ያልተሰጣቸው በግልጽ ማስታወስ አለባቸው። ስለዚህ ሁለቱን ጥያቄ በአንድ ዓይነት የማስተዋወቂያ ርዝመት መመለስ አይቻልም። ለመጀመሪያው 3 ደቂቃ፣ ለሁለተኛው 10 ደቂቃ ከሚል ግምት ተነሡና በራሳችሁ አይጦች አስተካክሉ። ሁለት ሙከራ አድርጋችሁ ለዩአቸው፤ «ሙከራ ሀ» እና «ሙከራ ለ» እንበላቸው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ ብዙ ሰው ያሳተ ጉዳይ አለ። ኦኩዳ፣ ሮዘንዳልና ማክጎው እ.ኤ.አ. በ2004 ለአይጠ መጎጦች ከማስተዋወቂያው በኋላ ወዲያው በኪሎ 0.3፣ 1 ወይም 3 ሚሊግራም ኮርቲኮስቴሮን ሰጡ። መካከለኛው 1 ሚሊግራም የ24 ሰዓቱን ትውስታ አሻሻለ፤ ግን ሳጥኑን ቀድመው ላልለመዱት ብቻ። ሳጥኑን አስቀድመው ለቀናት በለመዱት ላይ ሆርሞኑ ምንም አላደረገም። ምክንያቱ ኮርቲኮስቴሮን ብቻውን አለመሥራቱ ነው፤ አዲስ ቦታ የመግባት መነቃቃት አሚግዳላ በተባለው፣ ስሜትን በሚያስተናግደው የአንጎል ክፍል ውስጥ ኖራድሬናሊን የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ ያስነሣል፣ ሆርሞኑ የሚያጸናው ከዚያ ጋር ሲገናኝ ነው። ፕሮፕራኖሎል የተባለው መድኃኒት ተሰጥቶ የኖራድሬናሊን መንገድ ሲዘጋ ማሻሻሉም ይቀራል።

በተግባር ይህ ማለት፦ ለእጃችሁ በደንብ አለማምዱ፣ ለሳጥኑ ግን በ«ሙከራ ሀ» አታለማምዱ። የተለመደው አሠራር ሦስት ቀን ባዶ ሳጥን ውስጥ ማስገባት ስለሆነ ብዙዎች ሁለቱን ይደባልቁና «ሆርሞኑ አልሠራም» ብለው ይጽፋሉ። ዐቅም ካላችሁ አንዱን ቡድን ሳጥኑን አለማምዳችሁ፣ ሌላውን ሳታለማምዱ ብታወዳድሩ ደግሞ ጥናታችሁ ከሌላው ይልቅ ሚዛን የሚደፋ ይሆናል።

ደረጃ 7፦ ቡድንና መርፌ

ለ«ሙከራ ሀ» ሦስት ቡድን ይበቃል፦ ሆርሞን የሌለው ፈሳሽ ብቻ የሚሰጠው፤ ማስተዋወቂያው እንዳለቀ ሆርሞን የሚሰጠው፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ ሆርሞን የሚሰጠው። ሦስተኛውን አትተዉት። ወዲያው የተሰጠው ትውስታን አሻሽሎ የዘገየው ካላሻሻለ፣ ሆርሞኑ የሠራው ትውስታው ገና ሳይጸና በነበረበት መስኮት መሆኑን ታሳያላችሁ። የሁሉም መርፌ ቁጥር እኩል እንዲሆን እያንዳንዱ አይጥ በሁለቱም ሰዓት ይወጋ፤ ሆርሞኑ ባልደረሰበት ሰዓት ባዶውን ፈሳሽ ይውሰድ። ለ«ሙከራ ለ» ሁለት ቡድን ነው፦ ከፈተናው 30 ደቂቃ በፊት ሆርሞን፣ ወይም በዚያው ሰዓት ባዶ ፈሳሽ።

ኮርቲኮስቴሮን ውኃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም። 5 ሚሊግራም መዝናችሁ በ1 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ኤታኖል አሟሙት፤ ከዚያ በ0.9 በመቶ ሳላይን (የጨው ውኃ) እያወዛወዛችሁ ወደ 50 ሚሊ ሊትር አድርሱት። የምታገኙት በአንድ ሚሊ ሊትር 0.1 ሚሊግራም ነው፤ ኤታኖሉም 2 በመቶ ብቻ። 25 ግራም የሚመዝን አይጥ በኪሎ 1 ሚሊግራም እንዲደርሰው 0.25 ሚሊ ሊትር ከቆዳው ሥር ትወጉታላችሁ። ባዶው ፈሳሽም 2 በመቶ ኤታኖል ያለው ሳላይን ይሁን፤ ሳላይን ብቻ ከሰጣችሁ የምታወዳድሩት ሆርሞንን ሳይሆን አልኮልን ነው። ፈሳሹ ከደፈረሰ ሆርሞኑ ተመልሶ ረግቷል ማለት ነው፤ አትወጉት። በኪሎ 3 ሚሊግራም የሚሰጠው ቡድን ከጨመራችሁ ኤታኖሉን ከፍ ማድረግ ግድ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የሁሉም ቡድን ኤታኖል እኩል ከፍ ይበል። በየቀኑ ትኩስ አዘጋጁ፣ ከብርሃን ከልሉት።

ማን የትኛው ቡድን እንደሚገባ በዕጣ ይውጣ፤ ከቀፎ ቀድሞ እጅ የገባው ደፋሩ ወይም ታማሚው ስለሆነ «በቅደም ተከተል» መመደብ ዕጣ አይደለም። በአንድ ቀፎ ውስጥ የሁሉም ቡድን አባል ይኑር። ስሪንጁን የሚሞላው ጓደኛችሁ ይሁንና በኮድ ብቻ ይስጣችሁ፤ ኮዱ የሚፈታው ቪዲዮው ተቆጥሮ ካለቀ በኋላ ነው።

ደረጃ 8፦ የሙከራው ቀናት

ጠዋት አይጦቹን ከመኖሪያ ክፍላቸው አጠገብ ወዳለው ክፍል ወስዳችሁ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይረፉ። መብራቱ ደብዘዝ ያለ ይሁን። ስልኩን ከሳጥኑ በላይ አስራችሁ የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉት፤ ጥሪ ሲመጣ ቀረጻው ይቋረጣል፣ ጩኸቱም ያስደነግጣል። አይጡን ጀርባውን ለዕቃዎቹ አድርጋችሁ በቱቦው ልቀቁት፤ ከክፍሉ ውጡ። ጊዜው ሲያልቅ አውጡ፣ ወዲያው ውጉ፣ ወደ ቀፎው መልሱ። በማግሥቱ በዚያው ሰዓት አንዱ ዕቃ ተለውጦ ለ5 ደቂቃ ይፈተን። አዲሱ ዕቃ ለግማሾቹ በግራ፣ ለግማሾቹ በቀኝ ይሁን፤ የትኛው ዕቃ አዲስ እንደሚሆንም እንዲሁ ይቀያየር።

ሁሉንም በአንድ ጠዋት ማድረስ አይቻልም። በየቀኑ ከየቡድኑ እኩል ቁጥር ወስዳችሁ ለቀናት አከፋፍሉት። ሰኞ ባዶ ፈሳሽ የሚሰጠውን ቡድን፣ ማክሰኞ ሆርሞን የሚሰጠውን የሠራ ሰው የለካው ሰኞንና ማክሰኞን ነው። የታቦት ንግሥና የገበያ ቀን ድምፅ ማጉያው የሚበረታበትን ሕንጻ ቀድማችሁ አጥኑና እነዚያን ቀናት ዝለሉ።

ደረጃ 9፦ ደም

ሆርሞኑ ደም ውስጥ መድረሱን ሳታሳዩ ስለ ሆርሞን መጻፍ ደካማ ነው። ግን ትውስታው ከሚፈተነው አይጥ ደም አትውሰዱ፤ መወጋቱ ራሱ ያስጨንቀዋል። ለዚህ ብቻ የተለዩ ጥቂት አይጦች ያዙና መርፌው በተሰጠ በ30 ደቂቃ ከጅራት ጫፍ ውሰዱ። ቀፎው ከተነካበት ቅጽበት ጀምሮ ደሙ በ3 ደቂቃ ውስጥ መቀዳት አለበት፤ ከዚያ ካለፈ የምትለኩት የራሳችሁን እጅ ያስነሣውን ሆርሞን ነው። 25 ግራም አይጥ በጠቅላላው 2 ሚሊ ሊትር የማይሞላ ደም ስላለው ከ0.15 ሚሊ ሊትር አትለፉ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ ባለበት ቱቦ፣ በረዶ ላይ፣ ከዚያ በሴንትሪፊዩጅ ፕላዝማውን ለይታችሁ ቢያንስ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች አቆዩ። መብራት የሚጠፋበት ቦታ ከሆነ ጀነሬተር ካለው ሆስፒታል ወይም ተቋም ፍሪዘር አስቀድማችሁ ቦታ ጠይቁ። ቀልጦ እንደገና የበረደ ናሙና ሆርሞኑን ለሚለካው የኤሊሳ ምርመራ አታምጡ።

ደረጃ 10፦ መቁጠርና መፍረድ

አሸተተ የሚባለው አፍንጫው ወደ ዕቃው ዞሮ 2 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በታች ሲቀርብ ነው። አጠገቡ መቆም፣ መደገፍ፣ ላዩ ላይ መውጣት አይቆጠርም። ቡድኑን የማያውቁ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይቁጠሩ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ አዲሱን ያሸተተበት ሰከንድ ሲቀነስ የድሮውን ያሸተተበት፣ ለሁለቱ ድምር ሲካፈል። 14 ሰከንድ አዲሱን፣ 6 ሰከንድ የድሮውን ካሸተተ 8 ለ20፣ ማለትም 0.4 ነው። ዜሮ ማለት አላስታወሰም ማለት ነው። ቡድኖቹን እርስ በርስ ከማወዳደራችሁ በፊት እያንዳንዱ ቡድን ከዜሮ መለየቱን እዩ።

ከዚያ በፊት ግን ድምሩን ብቻ ለቡድኖቹ አወዳድሩ። ሆርሞን የተሰጠው ቡድን በጠቅላላው ያሸተተበት ጊዜ በጣም ካነሰ ችግሩ ፍርሃት ወይም ድካም እንጂ ትውስታ ላይሆን ይችላል። ይህ ጥያቄ በተለይ በ«ሙከራ ለ» ይነሣል፣ ምክንያቱም አይጡ ሲፈተን ሆርሞኑ ደሙ ውስጥ ነው። በማስተዋወቂያው ቀን ከተወሰነ ሰከንድ በታች ያሸተተ አይጥ ይወጣል ካላችሁ፣ ቁጥሩን ዳታውን ሳታዩ በፊት ጻፉትና ያዙ።

ሴት አይጦች

«ሴቶቹ ዑደት ስላላቸው ያስቸግራሉ» ተብሎ መተዋቸውን አልደግፍም፤ ለመነሻ ሙከራ እንጂ ለሁልጊዜ አይደለም። ዑደታቸው ከ4 እስከ 5 ቀን ነው። ካትሪን ዉሊና ማክዩን እ.ኤ.አ. በ1990 ዓመታት መጀመሪያ እንዳሳዩት ኢስትሮጅን ሲወጣና ሲወርድ በሴት አይጠ መጎጥ ሂፖካምፐስ ላይ ያሉት የነርቭ መገናኛ ጉጦች ብዛት በቀናት ውስጥ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። በተራዘመ ጭንቀት ሥር የወንዶቹ የቦታ ትውስታ ሲዳከም የሴቶቹ በዚያው መልክ እንደማይዳከም የሚያሳዩ ሥራዎችም አሉ።

ዑደቱን ለማወቅ በየጠዋቱ ጥቂት ሳላይን በጠብታ መስጫ ከብልት አፍ አስገብታችሁ መልሳችሁ ቅዱና በማይክሮስኮፕ እዩ። ኒውክሊየስ ያላቸው ክብ ሴሎች ከበዙ ፕሮኤስትረስ፤ እንደ ቅርፊት የተሰነጣጠቁ ኒውክሊየስ አልባ ሴሎች ከበዙ ኤስትረስ፤ ነጭ የደም ሴሎች ከበዙ ዳይኤስትረስ ነው። ቢያንስ ሁለት ዑደት ሳትከታተሉ አትጀምሩ። መኖው ላይም አስቡ፦ አኩሪ አተር፣ ከፓዊ አካባቢ የሚመጣውን ጨምሮ፣ ከኢስትሮጅን ተቀባይ ጋር የሚጣበቁ ንጥረ ነገሮች አሉት። ለኮርቲኮስቴሮን ሙከራ ብዙም ላያሳስብ ይችላል፤ ለኢስትሮጅን ሙከራ ግን አኩሪ አተር የሌለበት መኖ ፈልጉ።

ቀጣዩ ርዕስ፦ የታይሮይድ ሆርሞን

እንቅርት በጎጃም ደጋዎች የቆየ የአዮዲን እጥረት ምልክት ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን ሙከራ የጨረሰ ተማሪ ወደዚህ ቢዞር ደስ ይለኛል። ፕሮፒልቲዮዩራሲል የተባለው መድኃኒት በመጠጥ ውኃ ውስጥ ተጨምሮ ለሳምንታት ሲሰጥ የታይሮይድ ሆርሞን ይወርዳል፤ ለአዋቂ አይጠ መጎጥ 0.05 በመቶ የተለመደ መጠን ነው። በአዋቂዎቹ ላይ የቦታ ትውስታ ይዳከማል፤ በእርግዝና ጊዜ ከተሰጠ ደግሞ የግልገሎቹ አንጎል ዕድገት ራሱ ይጎዳል። መርፌ ስለሌለው የእጃችሁ ጭንቀት ይቀንሳል፣ ሌላ ችግር ግን ይመጣል፦ መድኃኒቱ መራራ ስለሆነ ውኃ መጠጣታቸው ይቀንሳል፣ ክብደታቸውም ይወርዳል። የጡጦውን ውኃ በየቀኑ፣ አይጦቹን በየሦስት ቀኑ መዝኑ። ታይሮይድ ሲወርድ እንቅስቃሴም ስለሚፈዝ የተጓዙትን ርቀት ከቪዲዮው ለዩ። መጨረሻ ላይ በደማቸው ውስጥ ያለውን ቲ 4 የተባለውን የታይሮይድ ሆርሞን መጠን ሳትለኩ «ታይሮይዳቸው ወርዷል» ብላችሁ አትጻፉ።